እንዴት አደራችሁ፣ ሃይፎንግ

ሥራዬ ሰላም ማለት ነው። ቀልድ የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም፣ የሰፈሬ የከዚራ እድር ቀጥሮኝ የምሠራው ሥራ ነው። በየማለዳው ስልኬን አነሳና ዕቃችን የሚሠራባቸውንና የሚያልፍባቸውን ከተሞች «እንዴት አደራችሁ?» እላለሁ። ሃይፎንግን፣ ቼናይን፣ ሳላላን፣ ጅቡቲን። ድሬዳዋ እንዴት እንዳደረች የምጠይቀው ከእነሱ በኋላ ነው።

«ስክሪኑን አታዪም እንዴ?» ይሉኛል እንግዶች። ዕቃው የት እንደደረሰ የሚያሳየው ስክሪኑማ አለ። ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ሁልጊዜ «በመንገድ ላይ» ይላል። የፋብሪካው ጣሪያ ተገንጥሎ ባሕር ላይ ሲንሳፈፍም «በመንገድ ላይ» ነው፤ እሱስ እውነት ነው። ጉዳት ደረሰብኝ ያለ ፋብሪካ ገዢው በዚያው ቀን ይሸሸዋል፣ ስለዚህ ደረሰብኝ የሚል የለም። አንዱ ባሕር ይነሳል፣ አንዱ ወንዝ ከተማ ይገባል፣ አንዱ ተራራ ይናዳል፤ ስክሪኑ ግን ለምልሞ ይውላል። የቀረን ሰው መጠየቅ ነው።

ሰው መጠየቅ ደግሞ እናውቅበታለን። ቤቱ ደህና? ልጆቹስ? ጎረቤት እንዴት ነው? ውሃው ምን ይላል? እንዲህ እያልኩ ስዞር የቼናይ ወደብ ክሬን መቆሙን ባለቤቶቹ ሳያምኑ አውቄዋለሁ፤ የክሬኑ ሠራተኛ ሚስት ባሏ ሰሞኑን ቤት እየዋለ እንዳሰለቻት ነገረችኝ። በዚህ ሥራ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ደህና የሆነ ሰው ያማርራል፤ ሙቀቱን፣ አለቃውን፣ አማቱን። እኔን የሚያሳስበኝ «ሁሉ ደህና ነው» ብሎ ቶሎ የሚጨርሰው ነው።

አንድን ዕቃ ሙሉውን በአንድ መርከብ መጫን የተከለከለው እኔ ሳልወለድ ነው። መርከቧ ብትሰጥም ኪሳራው ግማሽ ይሁን ብለው ኢንሹራንሶቹ ያወጡት ሕግ ነው። ድስቱ በአንድ ባሕር ይመጣል፣ ክዳኑ በሌላ። ከዚራ ውስጥ ያለ ክዳን የሚበስለው ወጥ ብዛት ለጉድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ግቢ «ክዳን ተራ» ይቆማል፤ ሰው ድስቱን ታቅፎ ይመጣና ለድስቱ ልክ ሲፈልግ ይውላል። የጎረቤታችን የዘሃራ ልጅ ስታገባ በግራ እግሯ ነጭ፣ በቀኝ እግሯ የተዋሰችው ክሬም ጫማ ነበር። ማንም ልብ አላለም፤ ሁላችንም እንደዚያው ተጫምተን ነበር የሄድነው።

በድስት መሳቅ ይቻላል። በናሆም ግን አልችልም። ናሆም ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፣ እጥበቱን የሚያደርገው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ነው። ለማሽኑ የሚያስፈልገው ማጣሪያ እንደ ድስቱ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚመጣው። ቀፎው ከቼናይ፣ ውስጡ የሚገባው ክር ከሃይፎንግ። ቀፎ ሞልቶናል። ናሆም መስኮቱ ሥር ደርድሯቸዋል፤ በአንዱ ውስጥ ቃሪያ ተክሎበታል። ክር ግን የቀረን ለዚህ ሳምንትና ምናልባት ለሚቀጥለው ነበር።

ክሩን የሚሠሩት ሁለት ፋብሪካዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው ሃይፎንግ ነው፣ ሌላው ቱርክ አገር መርሲን። አንዱ ሲመታ ዓለም በሙሉ ወደ ሌላው ይሮጣል፤ ቀድሞ የሰማ ተራ ይይዛል፣ ዘግይቶ የሰማ በሩ ይዘጋበታል። መርሲን ለጅቡቲ መስመር አንድ የትዕዛዝ መቀበያ በር፣ ለበርበራ መስመር ሌላ በር አለው። እኛ የጅቡቲ ነን። የእድራችን ተራ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው የሚዛወረው በእኔ ድምፅ ነው፤ «አዛውሩ» ካልኩ ያበቃል። ስለዚህ ሰላምታዬ ለሌላው ሰው የእድር ጉዳይ ቢሆንም ለእኔ የናሆም ዕድሜ ነው። ያንን እያወቅኩ መቀመጥ አልችልም። ስደውል እንኳ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ ስመላለስ ነው።

«አቦ ተቀመጪ፣ ሲሚንቶውን ጨረስሽው» ይለኛል ናሆም።

በዚያ ሳምንት ሃይፎንግ አቅራቢያ ማዕበል ተነስቶ ነበር። ስም አለው፣ ግን በእኛ ሰፈር «ሴትዮዋ» ነው የምንለው። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ «ሴትዮዋ ወዴት ዞረች?» ይባላል። ደቻቱ ወንዛችን ላይ ዝናብ ይጣል አይጣል የሚጠይቅ የለም፤ የሃይፎንግን ደጅ፣ የቶንኪን ባሕረ ሰላጤን ነፋስ ግን ሕፃናቱ ሳይቀሩ በቃላቸው ያውቁታል። እሑድ ማታ ሴትዮዋ ወደ ሰሜን ታጠፈች ተባለና ሰፈሩ እፎይ አለ። እኔ አላልኩም።

ሰኞ ማለዳ ለጋሽ ደምሰው ደወልኩ። ጋሽ ደምሰው የቢሾፍቱ ሰው ነው፤ ሃይፎንግ አግብቶ ከፋብሪካው አጥር ሥር ሞተር ብስክሌት ይጠግናል። ድሬዎች አንቱታ አናውቅም፤ መጀመሪያ ቀን «አንተ» ስለው ቅር ብሎት ነበር፣ በኋላ ወደደው። ሁልጊዜ የሚጀምረው ሚስቱን ሊንን በማማት ነው። በዚያ ቀን ግን ስልኩን ያነሳው ከብዙ ጥሪ በኋላ ነበር።

«ጋሽ ደምሰው፣ እንዴት አደራችሁ?»

«ደህና፣ ደህና ነን። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሊን ደህና ናት? ጋራዡስ? ሴትዮዋ አልነካቻችሁም?»

«ሁሉ ደህና ነው። ሁሉ ደህና። ትርሲት፣ ብቻሽን ነሽ እንዴ?»

«ናሆም አለ። ምነው?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። አክስት ነበረችሽ አይደል ሐረር? ትመጣለች?»

«አልፎ አልፎ።»

«ጥሩ ነው። ዘመድ ጥሩ ነው። ጎረቤትም። በይ አይዞሽ፣ በርቺ» አለና ዘጋው። ሚስቱን አላማም።

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። አንድ ነገር ጆሮዬ ላይ ቀርቷል፣ ግን ደስ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር፤ ሴትዮዋ ዞራለች ተብሎ የለ! ሽማግሌ ነው፣ እንቅልፍ አጥቶ ይሆናል፣ ስለ ዘመድ ማሰብ ጀምሮ ይሆናል አልኩ። ለእድራችን ሰብሳቢ ለኢብሳ ደውዬ «ሃይፎንግ ደህና አድራለች» ብዬ ሪፖርት አደረግኩ።

ኢብሳ ሁልጊዜ «ምን አሉሽ? እንዴት አሉሽ?» ብሎ ያደርቀኛል። በዚያ ቀን «እሺ እህቴ፣ ተባረኪ» ብቻ አለ።

ወዲያው ደግሞ ፈርሂያ ደወለች። ፈርሂያ ጅግጅጋ ነው የምትኖረው፤ ልጇ ሁዳ ናሆም የሚጠቀምበትን ማጣሪያ ትጠቀማለች። የእነሱ እድር ሰላምታ አቅራቢ የለውም፣ ዕቃቸውም በበርበራ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ በየማለዳው እኔን ትጠይቀኛለች። ከኋላዋ ሁልጊዜ የሁዳ ጫጫታ አለ።

«ትርሲቴ፣ እንዴት አደርሽ? ሃይፎንግ ምን አለ?»

«ደህና ናቸው» አልኳት።

«አልሃምዱሊላህ! ሁዳ፣ ውረጂ ከዚያ ላይ! ዋላሂ ትገድለኛለች ይቺ ልጅ።»

ማክሰኞ ነገር ዓለሙ ተቀየረ። ዘሃራ በትልቅ ሳህን ሩዝ በሥጋ ይዛ መጣች፤ በዓል አልነበረም። ቆማ አየችኝና ራሴን ዳብሳኝ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ከወዲያኛው መንገድ አንዲት ሴትዮ ክዳን ይዛ መጣች፤ ለስንት ጊዜ ስፈልገው የኖርኩት፣ ለድስቴ ልክክ ያለ ክዳን። ክዳን በከዚራ ዝም ብሎ አይሰጥም። «ለምን?» አልኳት። «ይሁንልሽ፣ እኔ ምን ያደርግልኛል» አለች፤ ሳታየኝ ነው የተናገረችው።

ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ስደርስ ወሬው ተቋረጠ። ኢብሳ ከሩቅ አይቶኝ ወደ ፋርማሲው ገባ፤ የሚገዛው መድኃኒት እንደሌለው አውቃለሁ።

ቤት ገብቼ ናሆምን ከላይ እስከ ታች አየሁት። የክሊኒኩ ነርስ ለሰፈር ያወራችው ነገር ይኖር ይሆን? ከእኔ ደብቀው ለእሱ የነገሩት?

«ደህና ነህ?»

«እኔ ደህና ነኝ። ያልተቀመጥሽው አንቺ ነሽ።»

«ምርመራህ ምን አለ?»

«ያው ነው። ምን ሆነሻል ትርሲት?»

ረቡዕም እንደ ማክሰኞው ሃይፎንግ ስልኳን አላነሳችም። መስመር ይበላሻል፣ ያጋጥማል። ቼናይ አነሳች፣ አማረረች፤ ሳላላ አነሳች፣ አማረረች። ለፈርሂያ «ዛሬም አላገኘሁትም፣ ሰኞ ግን ደህና ነበሩ» አልኳት። ኢብሳ ጋ ሄድኩና «አንድ ነገር አለ፣ ተራችንን ላዛውር ወይ?» አልኩት። ያለ ምክንያት ያዛወረ እድር ለዓመት ተራ ይከለከላል፤ ስለዚህ በጥርጣሬ ብቻ «አዛውሩ» ለማለት አልደፈርኩም። ኢብሳ ፊቱ ቀላ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ነገ ጠዋት እንነጋገራለን። ዛሬ ሂጂና እረፊ» አለኝ። ያን ቀን ቤቱን ሁለቴ ጠረግኩት።

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሩ ተንኳኳ።

በመስኮት አየሁ። ኢብሳ ከፊት ቆሟል። ከኋላው ዘሃራ፣ የክዳኗ ሴትዮ፣ የእድሩ ሰዎች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ከመካከላቸው ሐረር መሆን የነበረባት አክስቴ አበራሽ ቆማለች፤ ዓይኗ አብጧል።

ይህ አመጣጥ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ዘመድ አጠገብ ቆሞ ነው የሚነገረው። በሩን ሳልከፍት ጮህኩ። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያልኩ ወደቅኩ።

«ምንድን ነው?» አለ ናሆም ከኋላዬ። ጋቢውን ለብሶ፣ ፀጉሩ ተንጨባሮ፣ በሕይወት ቆሟል።

ተያየን። ለሁለታችንም የሚሞትብን ሰው ማን ነው? እናታችን የለችም፣ አባታችን የለም፤ አንድ የቀረችን አክስት በር ላይ ናት። ናሆም ራሱ በሩን ከፈተ። ገብተው በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። ማንም አልተቀመጠም።

«ማን ሞተ?» አልኩ።

ኢብሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ትርሲት፣ እህቴ… የሰው ነገር አይደለም። ፋብሪካው ነው። ሃይፎንግ። ውሃ ገብቶበት… የለም። ጠፍቷል።»

እውነቱን ልናገር፣ ሳቅኩ። «ተመስገን!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ። ሰው አልሞተም! ከዚያ የናሆምን ፊት አየሁ፤ እሱ አልሳቀም፤ መስኮቱ ሥር የተደረደሩትን ባዶ ቀፎዎች ነበር የሚያየው።

«መቼ?» አለ ናሆም።

«እሑድ ሌሊት። ሴትዮዋ ዞራ ስትመለስ።»

«እናንተ መቼ ሰማችሁ?»

ኢብሳ መነጽሩን አወለቀ። ጋሽ ደምሰው ሰኞ ማለዳ፣ ከእኔ ጋር እንዳወራ ወዲያው፣ ለእሱ ደውሎ ነበር። «ወንድሟ በዚያ ክር ነው ያለው፣ እንዴት አድርጌ በስልክ ልንገራት? እናንተ ሰብሰብ ብላችሁ፣ ዘመድ አስጠርታችሁ አርዷት» ብሎ አለቀሰበት። እነሱም ተሰበሰቡ። አክስቴ ካልመጣች አይሆንም ተባለ። ማክሰኞ የሐረር መንገድ በናዳ ተዘጋ። ረቡዕ ደረሰች፤ ግን መሽቶ ነበር፣ መርዶ ደግሞ በማታ አይነገርም።

«ተራውስ?» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «ኢብሳ፣ ተራውስ? ትናንት ደጅህ ድረስ መጥቼ ጠይቄህ የለም?»

«መርሲን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ክፍት ይሆናል ብለን… ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር። ተራውን ለማዛወር ደግሞ ላንቺ መንገር ነበረብን፣ ላንቺ ደግሞ…»

ስክሪኑን ከፈትኩት። ዕቃ ላይ ይዋሻል፣ ተራ ላይ ግን አይዋሽም። መርሲን፣ የጅቡቲ በር፦ ተዘግቷል። ረቡዕ አመሻሽ ላይ። እኔ ቤት ስጠርግ ነበር ማለት ነው። ሥሩ ደግሞ፦ የበርበራ በር፣ ዛሬ እስከ ቀትር።

«እኔ እኮ ሥራዬ መስማት ነው!» አልኳቸው። «እኔ እኮ የተቀጠርኩት ክፉ ወሬ ቀድሜ እንድሰማ ነው! ከእኔ ደብቃችሁ ለማን ልትነግሩ ነው? ሰኞ ብትነግሩኝ ኖሮ፣ በመንገድ ላይ አቁማችሁ፣ ስድብ አድርጋችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ!» ተናድጄ ያቺን ክዳን አንስቼ ወረወርኩ፤ ግድግዳውን መትታ ስትሽከረከር ቆየች። ማንም አልተቆጣኝም። ሐዘንተኛ አይቆጡም። ያ ነው ይበልጥ ያሳበደኝ።

አክስቴ ልቅሶዋን ለቀቀችው። ሴቶቹ ተቀበሏት። «ናሆሜ፣ የእናቱ ልጅ፣ ገና በልጅነቱ» እያለች ደረቷን ስትመታ ናሆም ፊት ለፊቷ ቆሞ ያያታል። አንዱ ሽማግሌ ለናሆም ወንበር ሳበለት፣ ከዚያ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው።

«አሜን» አለ ናሆም።

በዚያ መሀል ስልኬ ጮኸ። ፈርሂያ ናት፤ ሰዓቷ ነው። ልቅሶው ውስጥ ሆኜ አነሳሁት።

«ትርሲቴ፣ እንዴት አደርሽ? አገኘሽው ሰውዬውን? ምንድን ነው የሚሰማው፣ ሰው አለ እንዴ ቤታችሁ?» ከኋላዋ ሁዳ የሆነ ዘፈን እየዘፈነች ነው፤ ግጥሙን ግማሹን እየረሳች፣ የረሳችው ቦታ ላይ እየሳቀች።

በበርበራ በር እስከ ቀትር ጊዜ ነበራት። የማደርገውን አውቃለሁ፤ አሁን ለእነዚህ ሁሉ ሰዎች ስጮህበት የነበረው ነገር ነው። አፌን ከፈትኩ። የልጅቷ ዘፈን በአንዱ ጆሮዬ ገባ፣ የአክስቴ ልቅሶ በሌላው። አፌ ያወጣው ግን ይህን ነበር፦

«ፈርሂያ… ብቻሽን ነሽ እንዴ?»

ናሆም ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ።

«ፈርሂያ፣ ናሆም ነኝ። ሰላምታውን ተይው። የሃይፎንግ ፋብሪካ ጠፍቷል። ክር ከዚያ አይመጣም፣ አትጠብቂ። የበርበራው በር ቀትር ላይ ይዘጋል። አሁኑኑ እድራችሁ ጋ ሩጪና መርሲን አዛውሩ በያቸው። አታልቅሺ፣ ስትመለሺ ታለቅሻለሽ። ዝጊው።» ራሱ ዘጋው።

ልቅሶው ቆሞ ነበር። ሁሉም እሱን ነበር የሚያዩት። አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «ምነው ልጄ» አለች፣ በእውነት አዝናበት፣ «እንዲህ ያለ ነገር ለእናት በስልክ ይነገራል?»

ናሆም ሽማግሌው ከሳበለት ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ጠበቀ። እኔ ከበረንዳው እስከ ጓዳ ተመላለስኩ፤ ሰዎቹ እግራቸውን እየሰበሰቡ መንገድ ለቀቁልኝ። ፀሐይ ወጥታ ቀፎዎቹ ላይ አረፈች። ሄድ የሚል ሰው አልነበረም፤ ኢብሳ ጥግ ይዞ መሬት መሬት ያያል።

ስልኩ ጮኸ። ናሆም ድምፁን ከፍ አደረገው። ፈርሂያ ታለከልካለች።

«ይዘናል! ዋላሂ ይዘናል፣ ተራ አገኘን! ጥቂት ነው የቀረው አሉኝ፣ ግን ለሁዳ ይበቃል። ናሆም፣ አላህ ይስጥህ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥህ።» ከዚያ የሩጫ ትንፋሿን ዋጠችና ዝግ አለች። «እናንተስ? እናንተ ያዛችሁ? ካልያዛችሁ ንገረኝ፤ ከእኛ እናካፍላለን፤ እንደምንም ይደረሳል።»

ናሆም ቀና ብሎ አየኝ። በቀስታ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ አትናገሪ እንደማለት።

«ይዘናል እኛም» አላት። «አታስቢ። ሁሉ ደህና ነው፣ ሁሉ ደህና።»